የባለላሟ ቅል እና የወይራ ጭስ

ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በላቦራቶሪያችን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሁለት ትንንሽ ድስቶች ጎን ለጎን ተጥደው ነበር። በሁለቱም ውስጥ የዚያን ዕለት ጠዋት የታለበና በሞቃት ክፍል የዋለ ወተት አለ። አንዱ ከቀበሌው የወተት ማኅበር የአሉሚኒየም ጣሳ የተቀዳ ነው፤ ሌላው ከጎረቤቴ ከባለላሟ ቅል። የጣሳው ወተት እንደ ማንኛውም ጨዋ ወተት አረፋውን ነፍቶ ገነፈለ። የቅሉ ወተት ግን ገና ሳይገነፍል ተቆራረጠ፤ አይቡ ወደ አንድ ጥግ፣ አጓቱ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ባክቴሪያ ቀድሞ የደረሰበት ወተት እሳት ሲያይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«በይ እንግዲህ ዶክተር፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ባለላሟን ለቅሶ ድረሺ» አለኝ ባልደረባዬ፣ ማማሰያውን እንደያዘ።

ዶክተር አልነበርሁም። እሱ ከቡታጅራ በኩል የመጣ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነው፤ እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነበር።

ነገሩ ግን ለቀልድ የሚመች አልነበረም። በማግስቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቀበሌያችን የጤና ኮሚቴ ተሰብስቦ ወተት በቅል መሸጡ ይቀጥል ወይስ ይከልከል የሚለውን ሊወስን ቀጠሮ ይዟል፤ የውሳኔውም መሠረት የእኛ ምርመራ እንዲሆን ተስማምቷል። ቅል ከተከለከለ ባለላሟ የሚሸጡበት ዕቃ አይኖራቸውም፤ ጣሳ የሚታደለው ለማኅበሩ ብቻ ነበርና። ያኔ አንዲቷን ላማቸውን ወደ ማኅበሩ በረት ከማስገባት በቀር ምርጫ የላቸውም። ባለላሟ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው የሄዱባቸው ሴት ነበሩ። ላሚቱ ግንባሯ ነጭ የሆነ ቦቃ ናት። ቤቱንም ባለቤቲቱንም የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። «እሷን ከወሰዷት ጠዋት ተነሥቼ ለማን ነው የምናገረው?» ብለውኝ ነበር፣ ስለ ስብሰባው የሰሙ ቀን።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መግለጽ እወዳለሁ፤ የዚያ ዘመን የቀበሌ ባለሥልጣን ሲነሣ አንባቢ ወዲያው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁና። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ የሰፈራችን ልጅ፣ ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ የነበረ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ ያላወለቀ ቀልጣፋ ሰው ነው። ስለ ንጽሕና አጠባበቅ አጭር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ግን በየካ ሚካኤል ዙሪያ ንጽሕናው ያልተጠየቀ ነገር አልቀረም። ጉድጓድ አስከደነ፤ ቆሻሻ አስቃጠለ፤ የጠጅ ቤት ብርሌዎችን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ መረመረ። በክረምቱ በሰፈሩ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በርትቶ ስለነበር ዓይኑ ወተት ላይ አረፈ፤ ከወተቱም ወደ ቅሉ ተሻገረ። ቅል ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ታች ያለው አይታይም። ጣሳ ግን ያብረቀርቃል። በሥልጠናው ላይ የተሰቀለው ሥዕልም የጣሳ ሥዕል ነበር።

ምርመራውን ለእኔ የሰጠኝ ጎረቤት በመሆኔ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ ከሾላ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ተመድቤ፣ የጉድጓድ ውሃና የወተት ናሙና እመረምር ነበር። ከመደበኛው ሥራ በሚተርፈኝ ሰዓት ደግሞ፣ በአለቃዬ ፈቃድ፣ የአገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ባክቴሪያን የሚያሸንፍ ነገር በውስጣቸው እንዳለና እንደሌለ እሞክራለሁ። ዘዴው ቀላል ነው። በመስተዋት ሳህን ላይ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ ምግብ ይዘጋጃል፤ ባክቴሪያ በላዩ ይዘራል፤ በተክሉ ጭማቂ ተነክራ የደረቀች ትንሽ ክብ ወረቀት መኻሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ሳህኑ በሙቀት ሣጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ባክቴሪያው ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር እንደ ስስ ጉም አልብሶት ይገኛል። ተክሉ ኃይል ካለው ግን በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። እኔ ያንን ቀለበት በማስመሪያ እለካለሁ፤ ለክቼም አላምንም፤ ሳህኑን አዙሬ እንደገና እለካለሁ።

ክብ ወረቀቶቹ ተዘጋጅተው ከውጭ አገር የሚመጡ ነበሩ። መምጣታቸው ሲቀር ባልደረባዬ ከጽሕፈት ክፍል ወረቀት መብሻ ተውሶ የማጣሪያ ወረቀት ይበሳ ጀመር። «በአገሪቱ ውስጥ ወረቀቱን ጥሎ ቀዳዳውን የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት እኛ ብቻ ነን» ይል ነበር። የመጀመሪያውን ሰፊ ቀለበት ያየን ዕለት ደግሞ ሳህኑን ከፍ አድርጎ «ነፃ የወጣ ቀጣና!» ብሎ ጮኸ። እኔ ወደ በሩ ተመለከትሁ። በዚያን ዘመን ጥሩ ቀልድ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነበር፤ የሚስቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ሰፊ ቀለበት የነጭ ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱን ስወቅጥ በሰነበትሁበት ሳምንት በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው መቀመጫ ባዶ እንደሆነ እስከ ቤቴ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ተመችቶኝ ተሳፍሬ አላውቅም። ሌሎች ተክሎች ግን እንደ ስማቸው አልሆኑልኝም። እሑድ እሑድ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ስወጣ ከመንገዱ ዳር እየቀነጠስሁ የማመጣቸው፣ ስማቸው የገነነ ቅጠሎች፣ ሳህኑ ላይ ሲቀመጡ ዝም ይላሉ። አንዲት ዘመዴ «ለማይሆነው በሽታ የለም» ብለው በመሐረብ ቋጥረው የሰጡኝ ሥርማ ባክቴሪያውን ይበልጥ ያወፈረው መሰለኝ። ይህን ለዘመዴ አልነገርኋቸውም።

ወደ ወይራ ያመጣኝ ግን የባለላሟ ወተት ነው። የእሳቸው ወተት ከሌላ ሰው ወተት ዘግይቶ ይኮመጥጥ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን አንዱ ለላሚቱ፣ ሌላው ለእጃቸው ይሰጣል። እኔ ያሰብሁት ቅላቸውን ነው። የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል፦ የደረቀ የወይራ ፍልጥ ተለኩሶ ነበልባሉ ይጠፋል፤ የጋለው ጫፍ በቅሉ አፍ ይገባል፤ ክዳኑ ይደፋበታል፤ ጭሱ ቅሉ ውስጥ ታፍኖ ግድግዳውን ይቀባዋል። ከባለላሟ አንድ የተሰነጠቀ አሮጌ ቅል ለምኜ ወሰድሁና ውስጡን በአልኮል አጠብሁት። የወጣው ፈሳሽ እንደ ሻይ የቀላ ነበር። በእሱ የተነከረችው ወረቀት ቀለበት አሳየች፤ ሰፊ አይደለም፣ ግን ጥርት ያለ። ኃይሉ የአልኮሉ እንዳይሆን ብዬ በአልኮል ብቻ ነክሬ ያደረቅኋት ወረቀት ምንም አላሳየችም። ስለዚህ ከወይራው ጭስ ወደ ቅሉ የተላለፈ፣ ባክቴሪያ የማይወደው ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለይቼ የምነግርበት መሣሪያ አልነበረኝም፤ መኖሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ በተቆራረጠው ወተት ፊት የቆምሁት ይህን እያወቅሁ ነው። ባልደረባዬ ድስቱን ሊያጥብ አነሣው።

«ቆይ» አልሁት፤ «ቅሉን አምጣው።»

ጠዋት ስንረከበው በወተት የተሞላ ስለነበር ውስጡ አይታይም ነበር። አሁን ክዳኑን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበልሁት። ጥቁሩ ግድግዳ የለም። የእንጨት ማንኪያ መስሎ ነጥቷል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ወይራ አልሸተተኝም፤ የሸተተኝ የቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በየግቢው ልብስ የሚታጠብበት የቅዳሜ ጠዋት።

«ይህ ቅል በሳሙና ታጥቧል» አልሁ።

«እሱም ጥፋት ሆነ? ጤና ኮሚቴው ሲሰማ ሜዳልያ ይሰጣቸዋል።»

«አልታጠነም። የመረመርነው የሚሸጡበትን ቅል አይደለም።»

ባልደረባዬ ቅሉን ተቀብሎኝ አሸተተ፤ ፊቱንም አጨማደደ። «እናቴ ይህን ብታይ ወተቱን አፍስሳ፣ ቅሉን ሰብራ፣ ከባለቤቱ ጋር አትነጋገርም ነበር» አለ። የሥራ ጋዋናችንን ሰቅለን ወጣን።

የባለላሟ ቤት ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ደን ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ላሚቱን ድርቆሽ እያበሉ ደረስን። ቅሉን በእጄ ሲያዩ ተነሡ።

«ምነው በደኅና? ወተቴ ምን አለ?»

«እትዬ፣ ይህን ቅል በምን ነበር ያጠቡት?»

ፊታቸው በራ። «አየሽልኝ አይደል? የወሩን ሳሙና ነው የጨረስኩበት! ከኅብረት ሱቅ ተሰልፌ ያመጣሁትን። ልብሴን ሳላጥብበት ቅሉን አጠብኩበት። ፈትጌ ፈትጌ ክንዴ ተገነጠለ። እንዲያው ሲያዩት አላማረም?»

«አምሯል» አለ ባልደረባዬ፤ «ሙሽራ ነው የመሰለው።»

«ወይራስ?» አልሁ።

«ወይራ?» ባለላሟ በግርምት አዩኝ። «ለመንግሥት ጭስ ልላክ? ምን ነካሽ ልጄ! ጭስማ ለደንበኛ ነው፤ ሽታውን ለምዶት፣ ወዶት። ያ ልጅ በስብሰባ ላይ ጥቁር ዕቃ፣ ጥቁር ዕቃ ሲል ውሎ የለም እንዴ? ደጅ ጠኚ ሰው ንጹሑን ለብሶ ነው የሚሄደው።»

«ሌላ ጊዜስ እንዴት ያደርጉታል?»

«ሌላ ጊዜማ በግራዋ ቅጠል እፈትገዋለሁ፤ አደርቀዋለሁ፤ አጥነዋለሁ። ማን ሳሙና አለው ለቅል!»

የሆነውን ነገርኋቸው። ወተቱ እንደተቆራረጠ፣ የማኅበሩ ወተት እንዳልተቆራረጠ፣ ቅል በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የበዛበት ዕቃ እንደሆነ፣ በዚያ ቀዳዳ የተደበቀውን ባክቴሪያ ጭሱ ይዞት እንደኖረና ሳሙናው ጭሱን ጠርጎ እርጥበቱን ብቻ እንደተወ። ስናገር ሳለሁ ደስታው ከፊታቸው እየወረደ ሄደ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ላሚቱን ተመለከቱ። ላሚቱ ድርቆሿን ታኝካለች።

«በራሴ እጅ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «ቆይ፣ ጭሱ መድኃኒት ነው በይኛ!»

«መድኃኒት ነው ብዬ ለመናገር ገና ነው፤ ባክቴሪያን የሚያዘገይ ነገር ግን—»

«ኤዲያ! አንቺ ደግሞ መቼም አንድ ነገር ጨርሰሽ አትይም። ሠርግሽ ላይ ‹ይህን ሰው ታገቢያለሽ ወይ› ሲሉሽ ‹ገና ነው› ብለሽ ይሆናል።»

ባልደረባዬ ፊቱን ወደ ደኑ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሠርግ አልነበረኝም፤ ይህንንም ባለላሟ በሚገባ ያውቃሉ። ፈገግ ብዬ አለፍሁት።

የቀረን ነገር ግልጽ ነበር፦ ማታ የሚታለበውን ወተት በትክክለኛው ቅል አስቀምጦ ለጠዋት ማድረስ። የመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ የቅሉና የጣሳው ወተት የአንድ ላም ወተት አልነበረም። አሁን የቦቃዋን ወተት ለሁለት ከፍለን ግማሹን በተፈላ ውሃ በታጠበው የማኅበሩ ጣሳ፣ ግማሹን በታጠነው ቅል ብናሳድረው ልዩነቱ የዕቃው ብቻ ይሆናል። ይህን ሳስረዳ ባለላሟ አቋረጡኝ።

«ወይራ እኮ የለኝም።»

«እንዴት?»

«ቅል ሊከለከል ነው ተብሎ ወይራ ገዝቼ ምን ላደርገው? ካለቀ ሰነበተ።»

ሰዓቱ ወደ አሥር ተኩል ይሄዳል፤ ሾላ ወርዶ፣ ፈልጎ፣ ዳገቱን ለመመለስ አይበቃም። በዚያች ቅጽበት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃፉ ያልፉ ነበር፤ ሸክማቸው ግን ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው።

«ባሕር ዛፍስ?» አለ ባልደረባዬ። «ጭስ ጭስ ነው።»

«በባሕር ዛፍ የታጠነ ወተት!» ባለላሟ ኀዘናቸውን ረስተው ሳቁ። «ለጉንፋን እሸጠዋለኋ! ራስህን ተከናንበህ ትታጠነዋለህ እንጂ አትጠጣውም።»

ወይራ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ፣ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በጥላ የደረቀ አንድ እስር የወይራ ፍልጥ አለኝ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ አለቃውን አስፈቅጄ ያመጣሁት ነው፤ ሁሉም ከአንድ ዛፍ፣ ከአንድ ቀን። ለቀጣዩ ዙር ሙከራ ያዘጋጀሁትና ባልደረባዬ እንዳይነካው ያስጠነቀቅሁት ናሙና ነው። የወይራ ቅርንጫፍ በየቀኑ በነፋስ አይወድቅም። ላሚቱን አየሁ፤ ባልደረባዬን አየሁ።

«የመደርደሪያዬን ወይራ አምጣው» አልሁት።

«የትኛውን? ያንን? እጄን ዘርግቼ አቧራውን ሳራግፍ የተቆጣሽኝን?»

«እሱኑ። ጣሳውንም በፈላ ውሃ እጠበውና ይዘኸው ና።»

«ላኢላሃ ኢለላህ» አለና ቁልቁል ሮጠ።

እስኪመለስ ባለላሟ ግራዋ ቀንጥሰው ቅሉን ፈተጉ፤ የሳሙናውን ሽታ እስኪያጠፉት ድረስ እያለቀለቁ ደጋገሙ፤ ከምድጃው ዳር ደፍተውም አደረቁት። ወይራው ሲመጣ አገላብጠው አዩት፤ ድርቀቱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ፈተኑና «ይህ ደግሞ ጌታ ወይራ ነው» አሉ። እኔም ምንም እንኳ የራሴን ናሙና ሲቃጠል ማየት ባልወድም፣ ሲያጥኑ ዓይኔን አልነቀልሁም። ፍልጡ ሲከስምባቸው በአፋቸው እፍ ይላሉ፤ በላቦራቶሪዬ ውስጥ ለማንም የማልፈቅደው ነገር ነው። ጭሱ በክዳኑ ዙሪያ ሾልኮ ወጣ፤ ቅሉን አናወጡት፤ ከፈቱት፤ ከሰሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት። ግድግዳው እንደገና ጠቁሯል። ሽታውን አንባቢዬ ስለሚያውቀው አልገልጸውም።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ላሚቱ ታለበች፤ ወተቷም ለሁለት ተከፈለ። ባልደረባዬ ጣሳውን፣ እኔ ቅሉን ይዘን ስንወርድ ከመንገዱ እጥፋት ላይ ሰብሳቢውን አገኘነው።

«ጓዶች! ወዴት ነው በዚህ ሰልፍ?»

ልሸፍነው አልፈለግሁም። «የዛሬው ምርመራ ወጥቷል» አልሁት፤ «የቅሉ ወተት ተቆራርጧል። ነገር ግን ባለላሟ ለምርመራው ብለው ቅሉን በሳሙና አጥበው ሳያጥኑ ነው የላኩት። ወተት የሚሸጡበት ቅል የታጠነ ነው። ስለዚህ በሚሸጡበት ቅል እንደገና እያሳደርን ነው።»

ፊሽካውን በጣቶቹ እያሽከረከረ አሰበ። «ጓድ፣ ውጤት ማለት ውጤት ነው። አንዱ ተፈታኝ ወደቀ ብለን ፈተና ልንደግም ነው?»

«የወደቀው እውነተኛው ተፈታኝ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው በስሙ የገባው።»

ይህ አላረካውም። ባልደረባዬ ጣሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና «ጓድ ሰብሳቢ፣ አንተ ሯጭ ስታስነሣ፣ ፊሽካ ሳይነፋ የተነሣ ልጅ ቢኖር ምን ታደርጋለህ?» አለው።

«እመልሰዋለሁ፤ ሁሉንም እንደገና አስነሣለሁ። ሕጉ ነው።»

«እኮ።»

ሰብሳቢው ወደ ቅሉ አየ። ከዚያ በትልቅ ሰው ድምፅ «አንድ ጊዜ ይፈቀዳል» አለ። «ሁለተኛ ያለ ፊሽካ ከተነሣ ግን ይሰረዛል። ነገ ከኮሚቴው ፊት ይፈላል፤ በዝግ በር አይደለም።»

ሁለቱን ዕቃዎች በሞቃቱ ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጠን ቆለፍን። ክፍሉ ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ለሁለቱም እኩል ነው የሚቀዘቅዘው። ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ ተኛሁ።

ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ የላምባ ምድጃ ተለኮሰ። የኮሚቴው አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ባለላሟ በኋላ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው። መጀመሪያ የሐሙሱን ውጤት እንዳለ ተናገርሁ፤ ምክንያቱንም አከልሁ። ቀጥለን ሁለቱን ድስቶች ጣድን። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ወተት ሲፈላ መመልከት እንግዳ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በስብሰባ ላይ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አላየሁም።

የጣሳው ወተት ገነፈለ። አልተቆራረጠም።

የቅሉ ወተት ለመፍላት የዘገየ መሰለ። ባለላሟ ከወንበራቸው ከፍ አሉ። ከዚያ ከዳሩ አረፋ ያዘ፤ አረፋው ወደ መኻል ተሰበሰበ፤ ተነፋ፤ ባልደረባዬ ድስቱን ከማንሣቱ በፊት ከግማሹ የማያንሰው በጠረጴዛው ላይ ገነፈለ። የፈሰሰው ነጭና ድፍን ነበር።

«እልልል—» ብለው ባለላሟ ጀመሩና ሰብሳቢው ሲዞር አቋረጡት።

«እንግዲህ ጓድ» አለኝ ሰብሳቢው፣ «የትኛው ይበልጣል?»

«አልተበላለጡም።»

«አንዱ ግድ ይበልጣል።»

«በዛሬው ሙከራ አልተበላለጡም። አንድ ቅልና አንድ ሌሊት ስለ ቅል ሁሉ አይመሰክሩም። ያየሁት ይህን ነው፦ የታጠነ ቅል ወተትን ከጣሳ እኩል አሳድሯል፤ ያልታጠነው አበላሽቷል። የታጠነውን ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት ከእኔ ምርመራ አይገኝም። የሕፃናቱ ተቅማጥ ከወተት ይሁን ከውሃ ገና አላረጋገጥሁም። እስከዚያው ግን ጭስም ሆነ ጣሳ ወተትን አያፈላም፤ ለልጅ የሚሰጥ ወተት ከየትም ይምጣ መፍላት አለበት።»

አንድ አባል የተረፈው ወተት ከሚበላሽ ይቀመስ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ስኒ መጣ። ከጣሳው ወተት ሁሉም አንድ አንድ ቀመሱ። ለቅሉ ወተት ግን ስኒያቸውን መልሰው የዘረጉት ስለበዙ ለሰብሳቢው አልደረሰውም።

«ጣዕም በአጀንዳው ላይ የለም» አለ ሰብሳቢው ባዶ ስኒውን እያየ።

«አንተ ልጅ!» ባለላሟ ተነሡ። «በዚህ ቅል ወተት አይደል ያደግኸው? ያንጊዜ ተቅማጥ ያዘህ?»

«እትዬ፣ በስብሰባ ላይ ‹ጓድ› ይበሉኝ።»

«እሺ ጓድ፣ ያንጊዜ ያዘህ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ፊሽካውን ወደ አፉ አቅርቦ ነበር፤ ሳይነፋው ተወው፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እጅ እንዲወጣ ጠየቀ።

እጅ ወጣ፤ ተወሰነም። ባለላሟ ወተታቸውን በቅል መሸጣቸውን ይቀጥላሉ፤ ላሚቱም ከደጃፋቸው አትንቀሳቀስም። ቅሉ ወተት ሳይገባበት ሁልጊዜ በግራዋ ይፈተጋል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ይህም ከእንግዲህ የቀበሌ መመሪያ ነው። ከቅልም ሆነ ከጣሳ የገዛ ሁሉ ለልጆቹ አፍልቶ ያጠጣል። እጆች ወርደው ሰው መነሣት ሲጀምር ባለላሟ አንድ የቀረ ነገር አለ አሉና በዝግታ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። በእሳቸው ጥያቄ፣ በባልደረባዬ ደጋፊነት፣ በሙሉ ድምፅ የመጨረሻው ውሳኔ ተላለፈ፦ ለመንግሥት ክብር ሲባል በቅል ላይ ያለቀው የወሩ ሳሙና ከኅብረት ሱቁ እንዲተካላቸው፣ ሳሙናውም ለልብስ ብቻ እንዲውል።